ማስታወቂያ ቤት ለመክፈት ለምታስቡ፦ የባነር ማሽኑን እርሱት

ሰሞኑን ከቻናል ቻናል የሚዞር አንድ ቪዲዮ አለ። ሱፍ የለበሰ ልጅ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ በትንሽ ብር ማስታወቂያ ድርጅት ከፍታችሁ በሦስት ወር የባነር ማሽን ትገዛላችሁ ይላል። ዛሬ ጠዋት ያንን ያየ ወጣት ዕቁብ ደርሶት አያት ያለው ሱቄ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ያገለገለ የባነር ማሽን የሚሸጥ ያውቃሉ?» አለኝ። የት ልታስቀምጠው ነው ስለው «ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ እማዬ ሳሎኑን ፈቅዳልኛለች» አለ። ሦስተኛ ፎቅ! ልጁን ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ቪዲዮውን የሠራው ግን አናዶኛል። ደንበኛ ሳይመጣብኝ ቶሎ ቶሎ ልጻፈው።

1. ማሽን አትግዙ። የባነር ማሽን ሥራ ሲፈታ ይበላሻል፤ ቀለም የሚረጨው ሄድ ሳይሠራ ከከረመ ይደርቃል። ባነሩም፣ ቀለሙም፣ ሄዱም ከውጭ የሚገባ ነው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን፤ ዋጋ ስሰጥ «ለሦስት ቀን ብቻ የሚያገለግል» ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው። መርካቶ በካሬ ሜትር የሚያትሙላችሁ ሞልተዋል፤ ለእነሱ ስጡ። የእናንተ ሥራ ደንበኛ ማግኘት፣ ቦታ መለካት፣ ዲዛይንና ተከላ ነው። ለዚህ ላፕቶፕ፣ ሜትር፣ መሰርሰሪያና መሰላል ይበቃል። ታማኝ በያጅ ደግሞ የግድ ነው። በቀጭን ቱቦላሬ ፍሬም የሚሠራ ሰው የአያትን ነፋስ አያውቀውም።

2. ፈቃድ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ምን እንደሆነ ለአዋቂ ሰው አላስረዳም። ቪዲዮው የዘለለው ይሄን ነው፦ የእናንተ ንግድ ፈቃድ ሌላ፣ የምትተክሉት ታፔላ ፈቃድ ሌላ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚባል ሕግ አለ፣ አንብቡት። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ ክልክል ነው። በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ መድኃኒትም ለሕዝብ አይተዋወቅም፤ ስለዚህ ፋርማሲው የመድኃኒት ስም በትልቁ ጻፉልኝ ሲላችሁ እሺ አትበሉ። «በኢትዮጵያ ቁጥር አንድ» ልባል የሚል ሥጋ ቤት ከመጣ ማን እንደቆጠረው ጠይቁት። ለግሮሰሪ የምትሠሩ ከሆነ የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣውን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጨምራችሁ እዩ።

እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁላችንም በደፈናው አያት እንላለን እንጂ፣ በ2013 ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ክፍለ ከተማ ሲሆን ሰፈሩ ተከፋፍሏል። የደንበኛችሁ ሱቅ በየትኛው ክፍለ ከተማ፣ በየትኛው ወረዳ እንዳለ ሳታጣሩ ማመልከቻ ይዛችሁ አትሩጡ። የኮሪደር ልማት ከ2016 ጀምሮ በደረሰበት መንገድ ደግሞ የሕንፃው ቀለምም ሆነ የታፔላው መጠን እንደ ድሮው በባለሱቁ ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ታፔላው ከተነቀለ በኋላ ኪሳራው የማን ነው የሚለው ክርክር ወዳጅ ያጣላል።

3. «ዲዛይን በነፃ» የሚል ነገር ሱቃችሁ ላይ አትለጥፉ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሙያውን የገደለው ይሄ ነው። ዲዛይን ነፃ ነው ስትሉ ደንበኛው የሚሰማው ዲዛይን ምንም አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ «ያቺን ቀዩን ትንሽ ወደ ወርቃማ አርጋት» ይላችኋል። አምስት ጊዜ ካስቀየረ በኋላ ሥራውን ይዞ በካሬ አሥር ብር ወደ ቀነሰለት ሰው ይሄዳል። ላፕቶፑ፣ መብራቱ፣ ዓይናችሁ፣ እንቅልፋችሁ ሁሉ ነፃ ነው ማለት ነው።

ነፃ ስለሆነም ማንም አይጠነቀቅለትም። ደንበኛው ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልካል። ቴሌግራም ፎቶ ሲጨምቅ ረጅሙን ጎን በተለምዶ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ያንን በ3 ሜትር ባነር ላይ ስትዘረጉት በአንድ ኢንች 11 ነጥብ ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ከቅርብ ለሚታይ ባነር 100 እንኳ ሲያንስ ነው። ከዚያ «ማተሚያ ቤቱ አበላሸብኝ» ይባላል። ማተሚያ ቤቱ ምን ያድርግ? እንደ ፋይል አስልኩ፤ ከተቻለም ሎጎውን መጀመሪያ ከሠራው ሰው የኢለስትሬተር ወይም የኮረል ፋይሉን አስመጡ። ከጠፋ አዲስ ሣሉት፣ አስከፍሉበትም።

የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ የባሰ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዛሬም ግን በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፎ፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ (ከርቭ) ሳይቀይር ፋይሉን የሚልክ አለ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ የሚወጣው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ሠራተኛው ደክሞት ካላየው ደግሞ እንደዚያው ይታተማል። የጽሑፉ መጠንም ያው ነው፦ የባለሱቁ ፎቶ ግማሹን ታፔላ ይወስድና ስልኩ ጥግ ላይ ጉንዳን ያህላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በየ3 ሜትር ርቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የፊደል ቁመት። ከባቡር ወርዶ 30 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው 25 ሴንቲ ማለት ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ጥቅጥቅ ስለሚል ትንሽ ጨምሩበት። ይህን ማወቅ ነው ዲዛይን። ይህንን ነው በነፃ የምትሰጡት?

ዋጋው ትንሽም ቢሆን ለብቻው ይጻፍ። ሁለት ጊዜ ብቻ በነፃ ይታረማል በሉ። ከዚያ በወረቀት አትማችሁ፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ እያንዳንዷን ፊደል ደንበኛው አንብቦ «ይታተም» ብሎ ይፈርም። ዘመድ ቢሆንም ይፈርም። ዘመድ ከሆነማ የበለጠ!

4. ግማሽ ቀብድ ሳይገባ ምንም ነገር አይታተምም። አለቀ።

አምስት ብዬ ስለ መሥሪያ ቤቶች ልጽፍ ነበር፣ ቁጥሩ ግን አይበቃም። ቪዲዮው «የመንግሥት ጨረታ ላይ ተወዳደሩ» ይላል። ሳቄ መጣ። አንድ ቢሮ ባለፈው ዓመት ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ። ሦስቱንም እኔው! ከሌሎች ሁለት ቤቶች ማኅተም ለምኜ ማለት ነው። እንዲህ ያለው «ውድድር» ላይ አልገባም ብዬ ወጣሁ፤ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። የወሰደውም ሰው አልበላበትም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ መጨረሻ «ለነገ ጠዋት ይድረስ» ተብሎ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል፤ ክፍያው ግን ወደ አዲሱ በጀት ይሻገራል። ሐምሌ ላይ ስትሄዱ ፋይናንሱ ዓመት ፈቃድ ላይ ነው፣ ነሐሴ ላይ ስብሰባ፣ መስከረም ላይ ኃላፊው ተቀይሯል፣ አዲሱ ደግሞ «እኔ ያላዘዝኩትን አልፈርምም» ይላል። ግብሩ ግን ደረሰኙን ከቆረጣችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርባችኋል። ትንሽ ካፒታል ያለው ሰው እዚያ ውስጥ ከገባ በአንድ ሰኔ ያልቃል። ይሄንን ነጭ ሰሌዳው ላይ አልጻፈውም።

ታዲያ የማንን ሥራ እንያዝ ካላችሁ፣ የባቡሩና የከተማ አውቶቡሱ ገላ ላይ የሚለጠፈው የትልልቆቹ ድርጅቶች ነው፣ አትመኙት። ከመሪ እስከ ጣፎ ያለውን የሰፈር ሥራ ያዙ፦ አፀደ ሕፃናት፣ ክሊኒክ፣ ጂም፣ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች፣ የቤት ደላላዎች። ትምህርት ቤቶች ምዝገባ የሚያስለጥፉት በክረምት ስለሆነ ሰኔ ላይ ናሙና ይዛችሁ በር አንኳኩ። የተከላችሁትን ታፔላ ፎቶ አንስታችሁ በራሳችሁ ቻናል ልቀቁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ደንበኛው ተመልሳችሁ ብሎኑን አጥብቁለት፣ አቧራውን ጥረጉለት፤ ቀጣዩን ሥራ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። መብራት ያለው ታፔላ ከሆነ ሽቦውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘርጋው፤ ክረምት ላይ በረንዳ ሥር ውኃ የገባበት ላይት ቦክስ ቀልድ አይደለም።

ደንበኛ መጣ። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፣ ማታ እመልሳለሁ። «ማሽን ስንት ይሸጣል» ለሚል ግን አልመልስም።