የግጥም ልጆች ቀለም ሲይዙ

ጭሮ ላይ የክወናና የእይታ ጥበባት መምህር ነኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ቴአትርንና ሥዕልን በአንድ ትምህርት ስላጠቃለላቸው፣ በሳምንቱ መጀመሪያ መዝሙር ያስጠናኋቸውን ልጆች በሳምንቱ መጨረሻ እርሳስ አስይዛቸዋለሁ። በዚህ አጋጣሚ ሁሌ የሚገርመኝን ነገር አያለሁ። የአሊ ቢራን ዜማዎች እያንጎራጎረ ያደገ፣ ደብተሩን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የዘፈን ግጥም የሞላ ልጅ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ይፈራል። «ቲቸር፣ እኔ የግጥም ሰው ነኝ፤ ሥዕል አይሆንልኝም» ይላል። እንዲህ ለሚሉኝ ሁሉ የሁለት ሰዎችን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የሐረርጌ ልጅ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ የሃይማኖት መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ቀለምና ብራና ባለበት ቤት ቢያድግም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረው የግብርና ትምህርት ነበር። እሱን አቋርጦ በ1957 ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄደና ሥዕል ተማረ። ሲመለስ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አስተማረ። ቅርጽ በግልጽ የማይለይበትን ዘመናዊ አሣሣል ለአገሩ ተመልካች ሲያቀርብ ብዙዎች ባዕድ ነው ብለው ተቹት። እሱ ግን በ1963 «ጎልጎታ»ን ሣለ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

ይህ ሰው ገጣሚም ነበር። «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙ ሥዕሎቹን አይቶ በማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንደበት ሳይቀር ይነበነባል። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ የታተመው ደግሞ እሱ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ልጆቹን «ገጣሚ ነበር ወይስ ሠዓሊ?» ብዬ ስጠይቃቸው ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። እኔ በሁለቱም እጁ የሠራ ሰው ነበር እላቸዋለሁ።

ገብረ ክርስቶስ የዘፈን ግጥም ደራሲ አልነበረም። ለዘፈን ጽፎ ስሙን ካስጠራ በኋላ ወደ ሸራ የዞረ ሰው ለማሳየት ባሕር እሻገራለሁ። በርኒ ቶፒን በ1950 እንግሊዝ፣ ሊንከንሸር ገጠር ውስጥ ተወለደ። በ1967 አንድ የሙዚቃ ኩባንያ በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ ኋላ ኤልተን ጆን ከተባለው ወጣት ጋር አገናኘው። «ዩር ሶንግ»፣ «ሮኬት ማን» እና ሌሎች ዓለም የዘመራቸው ዘፈኖች ቃላቸው የእሱ ነው። በ1997 ለልዕልት ዳያና ቀብር እንደገና የጻፈው «ካንድል ኢን ዘ ዊንድ» ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ይህ ሁሉ ሲሆን መድረክ ላይ የሚታየው ኤልተን ነበር። በርኒ በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ካለው እርሻው ላይ ሆኖ ትላልቅ ሸራዎች ላይ በትጋት መሣል ጀመረ። ቆይቶም ባንዲራና ጨርቅ ሸራው ላይ እያጣበቀ መሥራት ያዘ፤ በየአዳራሹም አሳየ። ግጥሙንም አልተወም፤ በ2020 ከኤልተን ጋር የኦስካር ሽልማት ወስዷል።

ከበርኒና ከኤልተን አሠራር ለክፍሌ የማወጣው አንድ ትምህርት አለ። በርኒ ግጥሙን ለብቻው ጽፎ ይሰጣል፤ ኤልተን ደግሞ በሌላ ክፍል ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዜማ ያወጣለታል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ዜማው ይቀድምና ገጣሚው ቃሉን በልኩ ያሰፍራል። በየትኛውም መንገድ የዘፈን ግጥም ደራሲ ሥራውን የሚጨርስለት ሌላ ሰው አለ፤ ዜማ አውጪው፣ አቀናባሪው፣ ድምፃዊው። የደከመ ስንኝ ጥሩ ድምፅ ሊያነሣው ይችላል። ሸራ ፊት ግን ማንም አያግዘውም። የግጥም ልጆች ወረቀት የሚፈሩት እጃቸው ስለማይችል ብቻ አይመስለኝም፤ የሚሸከምላቸው ዜማ ስለሌለም ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ሳዑዲ ስለሄደ ወንድሟ በአፋን ኦሮሞ የጻፈችውን ግጥም አነበበች። በእያንዳንዱ አዝማች ላይ ስለ ቤታቸው በር ታነሣለች። ክፍሉ አጨበጨበላት። ይህንኑ ሣይ ስላት ለሁለት የተሰነጠቀ ልብ፣ እንባ የሚያፈስ ዓይንና አውሮፕላን ሣለች፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የተዋሰቻቸው ናቸው። «ወንድምሽ ከሄደ ጀምሮ ቤት ውስጥ ማንም ያልነካው ነገር አለ?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ኮንጎ ጫማው፤ እማዬ ከበሩ ኋላ አላነሣችውም» አለች። እሱን ሣይ አልኳት።

ከሰል ይዛ ጀመረች። መጀመሪያ ጫማው አየር ላይ የተንሳፈፈ መሰለ። ከተረከዙ ሥር ያለውን ጥላ እንድታይ ነገርኳት፤ የራሷን ጫማ አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና አየች። ጥላውን ስታጠቁረው ጫማው መሬት ያዘ። ለግድግዳው ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ያመጣችውን ቀይ አፈር በሙጫ ውሃ በጥብጣ ቀባች። ልብ የለ፣ እንባ የለ፤ በርና ጫማ ብቻ። አጠገቤ የነበሩት ልጆች ዝም ብለው አዩት፤ አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ጫማ ቤታቸው አለ።

ይህች ልጅ ሥዕል ከባዶ አልጀመረችም። በሩን በየአዝማቹ ስትመልሰው ምን መቅረት፣ ምን መደጋገም እንዳለበት አስቀድማ ታውቃለች። የጎደላት የዓይንና የእጅ ልምምድ ነበር፤ እሱ ደግሞ በመምህርና በጊዜ ይመጣል። ገብረ ክርስቶስም ኮሎኝ ሄዶ ዓመታት የተቀመጠው ይህንኑ ሊማር ነው። በርኒም ዝናው መስመር አላሠመረለትም፤ ዝናው የሰጠው የሥራ ቦታና ጊዜ ነው። የእኛ ልጆች ሁለቱንም ከእኛ ነው የሚጠብቁት።

ስለዚህ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርና፣ በሚኤሶና በአሰቦት ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ልጆችን በጊዜ «ይህ ዘፋኝ፣ ይህች ሠዓሊ» ብለን አንለያይ። ግጥም የሚጽፍ ልጅ ስታገኙ ከሰልና ወረቀት ስጡት፤ የሚሥለውንም ስለሣለው ነገር አራት ስንኝ ጠይቁት። ቀለም የለም እንዳንል ከሰሉም አፈሩም በየግቢያችን አለ። የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ ዘፈኑ መድረክ ላይ ሲቀርብ ከዚያው ግጥም የወጣው ሥዕል አጠገቡ ይሰቀል፤ ወላጅም ሁለቱን በአንድ ቀን ይይ። ከሐረርጌ አንድ ገብረ ክርስቶስ ወጥቷል፤ ቀጣዩ ዛሬ ከክፍላችን በአንዱ ደብተሩን በግጥም እየሞላ ሊሆን ይችላል።