ኢንተርኔት ቢቋረጥም የማይጠፋ ስም

አንድ የገጠር የግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ መጻሕፍቱን በግቢው ባለ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጧል እንበል። መጻሕፍቱን ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የግቢው ዋይፋይ ይበቃል። ይሁን እንጂ ተማሪው 192.168.1.10 የሚል ቁጥር መጻፍ ይጠበቅበታል። ቁጥሩን የረሳ ተማሪ በአጠገቡ ያለውን መጽሐፍ አያገኝም።

ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ሥርዓት ዲኤንኤስ ይባላል። ቀደም ሲል የኮምፒውተሮች ስም በአሜሪካ በሚገኝ አንድ ተቋም፣ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ ይሠራጭ ነበር። መረቡ ሲሰፋ አሠራሩ አላዋጣም፤ በመሆኑም ፖል ሞካፔትሪስ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1983 ሥራውን ለብዙ አገልጋዮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስን ነደፈ።

ይኸው መዝገብ በግቢ ደረጃም ሊቋቋም ይችላል። ዲኤንኤስማስክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። በቅድሚያ ለኮምፒውተሩ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል። ቀጥሎ ሆስትስ በተባለው ፋይል የመጻሕፍቱ አገልጋይ ቁጥር፣ ከጎኑም ስሙ በአንድ መስመር ይጻፍና ሶፍትዌሩ እንደገና ይነሣል። በመጨረሻም ራውተሩ ለተጠቃሚዎች ስልክና ኮምፒውተር የዚህን መዝገብ አድራሻ እንዲሰጥ ይደረጋል። መዝገቡ የማያውቀውን ስም ለውጭ አገልጋይ ያስተላልፋል፤ ያገኘውንም መልስ ለጊዜው ይይዛል።

የስሙ መጨረሻም ይታሰብበት። «ዶት ኢንተርናል» ለግል መረቦች እንዲሆን በ2024 ተከልሏል። «ዶት ሎካል» ግን ለሌላ አሠራር የተያዘ በመሆኑ ግጭት ይፈጥራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ለመጠባበቂያ» ብለው በራውተሩ ላይ የውጭ ዲኤንኤስ በሁለተኛነት ሲያስገቡ ነው። የውጭው አገልጋይ የግቢውን ስም አያውቅም፤ ስለዚህ መጽሐፉ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ትክክለኛው መጠባበቂያ ተመሳሳይ መዝገብ የያዘ ሁለተኛ ኮምፒውተር ነው። ከዚህም ሌላ መዝገቡ ከግቢ ውጭ ለሚመጣ ጥያቄ ዝግ መሆን አለበት፤ ክፍት ከተተወ ለሌሎች ጥቃት መሣሪያ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስሙም አብሮ ይጠፋል። የባትሪ ወይም የፀሐይ ኃይል መጠባበቂያ ከመዝገቡ ጋር አብሮ ሊታቀድ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።