ባለ ዲግሪውና ተሳቢው ቤት

«ቤት እየጎተቱ መዞር የጤና ነው?» አሉኝ እናቴ፣ ባለፈው ኅዳር ከሎስ አንጀለስ ስንነሳ። ልጆቼ ወጥረው ስለያዙኝ ግን ለኮረኮንች የተሠራች ተሳቢ ቤት ተከራይቼ ወደ «ዴዝ ቫሊ» ጎተትኩ። የሞት ሸለቆ ማለት ነው። ዝቅተኛ ሥፍራው ከባሕር ወለል 86 ሜትር በታች ነው። «የእኛ ዳሎል ከዚህም ይጠልቃል!» እያልኩ ጎረርኩ።

አከራዩ «ኮረኮንች ላይ የጎማውን ንፋስ ቀንስ» ብሎኝ ነበር። የለሰለሰ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ የተወጠረው ይቆረጣል። ባለ ዲግሪው እኔ ግን ምክሩን ናቅኩት።

ወደ «ሬስትራክ» የሚወስደው ኮረኮንች 27 ማይል ያህል ነው። መሐሉ ላይ የተሳቢዋ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታ ነበረን፤ የመኪናዬ ቁልፍ ግን ለተሳቢዋ ብሎን አልሆነም። ስልክ አይሠራም፤ አላፊ አግዳሚ የለም። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ እንሞታለን?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ለካ እናቴ ማንም ሳያዝዛቸው ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭነው ኖሯል! ያን ሌሊት ያቺ የተሾፈባት ቤት እውነትም ቤት ሆነችን። ንጋት ላይ አንድ መንገደኛ ቁልፍ አዋሰን።

ወገኖቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ብሎኑን ደጃችሁ ላይ ፈትታችሁ ሞክሩ። ውሃውን ደግሞ ለእናት ተዉት።