ስለ አዲስና ድንጉጥ ፈረስ አያያዝ

በደምቢያ ሜዳ ያደገ ፈረስ ተገዝቶ ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ወር ብዙ ጊዜ ይቆስላል። ዛሬ ከካቡ ይጋጫል፤ ነገ ገመድ እግሩን ይልጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን ነባሮቹ ፈረሶች ይረግጡታል። ባለቤቱም «ይህ ገዳቢስ ነው» ብሎ ያስመታዋል፤ ወይም በርካሽ ለጋሪ ነጂ ይሸጠዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን አብዛኛው ቁስል የሚመጣው ከፈረሱ ጠባይ ሳይሆን ከሰው ጥድፊያ ነው።

ጎንደር ፈረስን ማክበር የምታውቅ ከተማ ናት። በነገሥታቱ ግቢ የአፄ በካፋ የፈረስ ቤት ይታያል፤ በፋሲል መዋኛ አጠገብም ዞብል የተባለው ፈረስ መቃብር እንደ ሆነ የሚነገርለት ሕንፃ አለ። አፄ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ለአገሩ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር አይደለም።

ፈረስ በተፈጥሮው ሲፈራ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ መሸሻ ያጣ እንደ ሆነ ግን በድንጋዩም በእሾሁም ላይ ይወድቃል። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለ ሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ከግንባሩ ፊት በቅርብ ያለውንና ከጭራው በስተ ኋላ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ የሚቀርበው ሰው ድምፁን እያሰማ ወደ ትከሻው በኩል ይምጣ። መጋቢውም በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ዛሬ አንዱ ሎሌ ነገ ሌላው የሚይዘው ፈረስ ማንንም አያምንም።

ከጣና ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል የወጣ ፈረስ ብርዱና ስስ የሆነው አየር ያደክመዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጋለብ፤ ሌሊትም ነፋስ የማይገባበት ደረቅ ጋጥ ይሰጠው። ከሻጩ ቤት የለመደውን ጭድና ድርቆሽ ጥቂት ይዞ መምጣት ብልህነት ነው። ገብሱ ከአንድ እፍኝ ተጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ድንገት የበዛ እህል ቁርጠት ያስይዘዋል፤ ኮቴውንም አሳምሞ ያነክሰዋል። እንግዳን በማጥገብ የሚኮራ ቤት ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

አዲሱ ፈረስ 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ነባሮቹን ግን ከሩቅ ይያቸው። በዚህ ጊዜ በሽታ ይዞ እንደ ሆነ ሊገለጥ ይችላል፤ መተዋወቁም ያለ እርግጫ ይጀመራል። ቀጥሎ ከአንዲት የረጋች አሮጌ ባዝራ ጋር በሰፊ ሜዳ ይለቀቅ። ከብዙ ፈረሶች መካከል በጠባብ በረት በአንድ ጊዜ መጨመር ግን እግር ማሰበር ነው።

ቁስልን በሚመለከት ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የናይሎን ገመድ ቁርጭምጭሚትን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል፤ በእሱ ፈንታ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰፊ ማሰሪያ ይደረግ። ኮርቻው አከርካሪውን እንዳይነካ በየጊዜው ይታይ፤ ላብ ያደረቀው መደረቢያም ይታጠብ። ትንሽ ቁስል እንኳ ቢሆን ፈልቶ በቀዘቀዘና ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ይታጠብ፤ አመድ፣ እበት ወይም የባትሪ አሲድ አይደረግበት፤ በጋለ ብረትም አይተኮስ። በአፈርና በፋንድያ ውስጥ የቴታነስ ጀርም ይኖራል፤ ፈረስም ለዚህ በሽታ ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ሰውነቱ የደረቀ፣ ጭራው የቆመ፣ መንጋጋው የተቆለፈ ፈረስ ሲታይ ሳይዘገይ ሐኪም ይጠራ። በቆዳው ሥር እንደ ገመድ ተሰልፎ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ እባጭም በቁስል የሚገባ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ዝንብና የጋራ ኮርቻ ያስተላልፉታል፤ ፈውሱም አስቸጋሪ ስለ ሆነ የታመመው ይለይ፤ ኮርቻውንና ልጓሙንም ሌላ ፈረስ አይልበስ። በክረምት ማብቂያ ደግሞ ዓይን በጭንቅ የሚያያት ትንኝ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ታመጣለች። ይህች ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትነድፋለችና ፈረሱ በዚያ ሰዓት በጋጥ ይደር፤ በቢሾፍቱ የሚሠራ ክትባትም ስላለ ባለቤቱ አስቀድሞ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቅ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

በአዲሱ ፈረሱ ለመታየት የሚቸኩል ሹም አይጠፋም። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው የተገዛ ድንጉጥ ፈረስ ግን ከበሮ፣ እልልታና ሕዝብ በሞላበት ስፍራ ሰውም ራሱንም ይጎዳል። የዚያን ዓመት በጋጡ ይቆይ። በ4ኛው ሳምንት በእጅ እየተሳበ በሰፈሩ ዙሪያ ይሂድ፤ የሚፈራውን ነገር ከሩቅ ቆሞ ይመልከት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያኝክና ጆሮው ሲላላ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ከዚያ በኋላ በለሰለሰ ልጓምና በቀላል ሰው ለሩብ ሰዓት ያህል ይጫን፤ መጀመሪያም በሜዳ፣ ቁልቁለቱም ለኋላ ይቆይ።