43 ሚሊ ሜትር ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም

«የፉል ፍሬም ሌንስ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ላይ ከጥቁር ክብ በቀር ምንም አይሰጥም።» ይህ አባባል ከጀሞ እስከ ጎፋ በሰርግ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ እንደተረጋገጠ ነገር ይነገራል። ስህተት ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ ሌንስ ለብዙ ባለሙያ የሚቀመስ አልሆነም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአባት መሳቢያ የኖረ ኒኮር ወይም ሄሊዮስ «ለአዲሱ ካሜራ አይሆንም» ተብሎ በርካሽ ሲሸጥ ማየት ያናድዳል።

መሠረቱን በአጭሩ ልለፈው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 43.3። የፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ ካሜራዎችና የሃሰልብላድ ኤክስ ዋን ዲ ሴንሰር 43.8 በ32.9 ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 54.8 ያህል። (ይህም ቢሆን 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የ120 ፊልም ምስል ያንሳል። የፊልም ዘመን ሰዎች «ይህ ምኑ ሚዲየም ፎርማት ነው?» ቢሉ አልፈርድባቸውም።)

ሌንስ የሚጥለው ብርሃን ክብ ነው። የፉል ፍሬም ሌንስ ሠሪ ቃል የገባው ያ ክብ ከ43.3 ሚሊ ሜትር እንደማያንስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሌንሱ ላይ አልተጻፈም። ወሬው ወለሉን ጣሪያ አድርጎ ነው የተሳሳተው።

ጥግ የሚጨልመው ደግሞ በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንደኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው፦ ዘንበል ብሎ የሚመጣ ብርሃን በማዕዘኑ ኮሳይን አራተኛ ኃይል ልክ ይደክማል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስን በቀላሉ ብናሰላው በፉል ፍሬም ጥግ ላይ የመሃሉ ብርሃን 71 በመቶ ይደርሳል፤ በትልቁ ሴንሰር ጥግ ላይ 59 በመቶ። ልዩነቱ የአንድ ስቶፕ ሩብ ያህል ነው፤ ኤዲቲንግ ላይ ያለ ችግር ይስተካከላል። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነማ በትልቁ ሴንሰር ጥግም 82 በመቶው ይቀራል።

ጥቁሩን ክብ የሚያመጣው ሁለተኛው ምክንያት፣ የሌንሱ ቱቦ ራሱ ነው። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በቀጥታ ሲያዩበት ሙሉ ክብ ነው፤ ትንሽ ሲያዘነብሉት ግን የፊቱና የኋላው አፍ እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ ክፍተቱ ይጠባል። ሌንሱንም እንዲሁ ፈትኑት። አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታችሁ፣ ፀሐይ በሌለበት በኩል ወደ ደመና አቅኑና በጀርባው እያዘነበላችሁ ተመልከቱ። ክቡ ቀዳዳ የዓይን ቅርጽ ይይዛል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። አሁን አፐርቸሩን ወደ 8 አጥብቡት። ትንሹ ቀዳዳ በቱቦው መሃል ስለሚገኝ ብዙ እስክታዘነብሉት ድረስ ሳይቆረጥ ይታያል። በ1.4 ጥጉ የጨለመ ሌንስ በ8 የሚጠራው ለዚህ ነው። ነገር ግን ማጥበብ የክቡን ጠርዝ ስል ያደርገዋል። ክቡ ለሴንሰሩ በእውነት ካነሰ፣ ቀስ እያለ ይደበዝዝ የነበረው ጥላ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አንዱ «ይሠራል»፣ ሌላው ስለዚያው ሌንስ «አይሠራም» ሲል ሁለቱም ያዩትን ሊሆን ይችላል የሚናገሩት፤ ያነሱበት አፐርቸር ግን ይለያያል።

ርቀትም አለበት። አብዛኞቹ የድሮ ሌንሶች ወደ ቅርብ ፎከስ ሲደረጉ መስታወታቸው በሙሉ ከሴንሰሩ ይርቃል፤ ክቡም አብሮ ይሰፋል። የሙሽራዋን ቀለበት በቅርብ ሲያነሳ ጥጉ ንጹሕ የነበረ ሌንስ ወደ ፉሪ ተራራ ሲዞር ሊጨልም ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ሩቅ ላይ ይሁን፦ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ረድፎችንና ከበስተጀርባቸው ያለውን ተራራ አንድ ጊዜ ሙሉ ከፍታችሁ፣ አንድ ጊዜ በ8 አንሱ። የሌንስ ኮፈንና ፊልተርም አውልቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው። ከ85 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ያሉት ብዙዎቹ ያልፋሉ፤ 50ዎቹ ድንበሩ ላይ ናቸው፤ ሰፋፊዎቹና ዙሞቹ አብዛኞቹ ይወድቃሉ። በተለይ ከኋላቸው አራት ማዕዘን መከለያ ያላቸው አዳዲስ ሌንሶች ላይ ተስፋ አትጣሉ።

ሲፈትኑ አዳፕተሩንም፣ ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘውን ቀለበት፣ መጠርጠር ይገባል። ውስጡ መስታወት የለውም፤ ሥራው ርቀት መጠበቅ ነው። የኒኮን ኤፍ ሌንስ ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፤ የጂኤፍኤክስ አካል 26.7ቱን ስለሚይዝ ለቀለበቱ የሚቀረው 19.8 ነው። ቀለበቱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፎከሱ ከ25 ሜትር አያልፍም። ፉሪ ይደበዝዛል፤ የሚወቀሰው ግን ሌንሱ ነው። ኤክስ ዋን ዲ ደግሞ መዝጊያው ያለው በራሱ ሌንሶች ውስጥ ስለሆነ፣ በባዕድ ሌንስ የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ነው። ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ስለሚነበብ በመካኒሳ መንገድ የሚከንፍ ሚኒባስ ተንጋዶ ይወጣል።

«50ው 40 ይሆናል» የሚባለው ላይ ግን ቀስ ማለት እፈልጋለሁ፤ በሙያችን ውስጥም አልተስማማንበትም። የሌንሱ የትኩረት ርቀት አይለወጥም፤ የሚሰፋው የሚታየው ማዕዘን ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ካሰላን ፉል ፍሬም ላይ ከ40 ሚሊ ሜትር ገደማ ሌንስ ጋር ይመሳሰላል። በስፋት ካሰላን 41፣ በቁመት ካሰላን 36.5 ያህል ይሆናል፤ የሁለቱ ሴንሰሮች ቅርጽ አንድ አይደለምና። «የሚዲየም ፎርማት ለዛ» የሚባለውም አብዛኛው ከማዕዘኑና ከአፐርቸሩ የሚመጣ ነው ባይ ነኝ። የሚቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ፤ የሚያነሱት የቀለም ሽግግር ጉዳይም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ጥጉ ለጨለመበት ሰው አንድ መንገድ አለ፦ ምስሉን እኩል ጎን አድርጎ መቁረጥ። 32.9 በ32.9 የሆነ ካሬ የሚጠይቀው ክብ 46.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሠሪው ከገባው ቃል በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚበልጠው። 102 ሜጋፒክሰል ባለው ጂኤፍኤክስ 100 ላይ ከእንዲህ ያለ ቁረጣ በኋላም 76 ሜጋፒክሰል ይተርፋል። በሰፊው 54.8 የወደቁት አብዛኞቹ 50 ሚሊ ሜትሮች በዚህ ያልፋሉ።