ፈረንጅ ማጂ ደርሶ ምን ያያል?

ስለ ልብሳችንና ስለ ጌጣችን አብዛኛውን ጊዜ የጻፈልን እንግዳ ሰው ነው። እኛ የምንለብሰውን ለምደነዋልና አንጽፈውም፤ እንግዳው ግን ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ማስታወሻውን ይከፍታል። ይህ ነገር የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም ለማየት ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቱምና ወደ ማጂ ደጋ ብቅ ማለት ይበቃል።

በማጂ ከተቀመጡት ፈረንጆች በይበልጥ የሚታወቀው አርኖልድ ሆድሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚያ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ በ1927 እና በ1929 ስለ አገራችን ደቡብ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ፤ ኋላም የጎልድ ኮስት፣ ማለት የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ሆነ። በኦሮምኛ ሰዋስው ላይ የሠራ ሰው ነውና ቋንቋን ንቆ የሚያልፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ የቆንስል ዓይን ሥራውን ይከተላል። ባሪያ ፈንጋዩንና የዝሆን ጥርስ ነጋዴውን ሲከታተል የሚውል ሰው አገሩን የሚያየው በዚያው በኩል ነው።

ዛሬ በቱም በኩል ወደ ኪቢሽ የሚወርደው ጎብኚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለአንድ ነገር ነው፤ የሱሪ ሴቶችን የከንፈር ሸክላ ለማየት። (እግረ መንገዴን ልናገር፤ ሕዝቡ ራሱን ጫይና ቲርማ ብሎ ይጠራል። ‹ሱሪ› የሚለውን ስም ሰምቶ ስለ ሱሪ መታጠቅ የማይቀልድ ደገኛ የለም፤ ቀልዱ ግን ያረጀ ነው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የታችኛው ከንፈሯ ይበሳና ትንሽ እንጨት ይገባበታል። ቁስሉ ሲሽር እንጨቱ ወፈር ባለ ይለወጣል፤ ለወራት እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ሸክላው ይገባል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶችም ይወልቃሉ። ሕመም አለበት፤ አሳምሬ አላወራውም።

ጎብኚው ‹‹ለምን?›› ብሎ ሲጠይቅ አስጎብኚው ሁለት መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንደኛው፣ ሴቶቹ ባሪያ ፈንጋይ እንዲጸየፋቸው ፊታቸውን አበላሹ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሸክላው በሰፋ ቁጥር የጥሎሹ ከብት ይበዛል የሚል ነው። ከኦሞ ወዲያ ማዶ ባሉት ጎረቤቶቻቸው በሙርሲዎች ዘንድ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሲመላለስ የኖረው እንግሊዛዊው ምሁር ዴቪድ ተርተን ሁለቱንም አይቀበልም። የከብቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከንፈሩ ሳይበሳ ነውና ሸክላው ዋጋ ሊሆን አይችልም። ይልቁንም ሸክላው ልጅቱ ሴት ወይዘሮ መሆኗን ይናገራል፤ ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ለጭፈራ ስትወጣ ታደርገዋለች፤ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ስትቀመጥ ታወጣዋለች።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። እናቶቻችን ያንኑ አንድ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀልኛ ያጣፉታል፤ ለለቅሶ ሲሄዱ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ ፊታቸው ያደርጉታል። ይህን የማያውቅ ፈረንጅ በሁለቱም ቦታ የሚያየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው።

እንግዳው ሳይገባው ተመልክቶ ቢሄድ ባልከፋ፤ ነገር ግን ዓይኑ ራሱ ነገሩን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ሪንግሊንግ የሚባለው የአሜሪካ ሰርከስ ከመካከለኛው አፍሪካ ከንፈራቸው የሰፋ ሴቶችን አምጥቶ በድንኳን ውስጥ ለገንዘብ አሳየ። ‹ኡባንጊ› ያላቸውም ስሙ ከካርታ ላይ ስለ ጣመው ነው። ዛሬ ድንኳኑ ቀርቶ ጎብኚው ራሱ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍም ይከፍላል። ከፋይ ካለ አጊያጭ አይጠፋም፤ ሴቶቹ በራሳቸው ላይ ቀንድ፣ አበባ፣ የዱር ፍሬ እየደራረቡ ለሥዕሉ ይሰለፋሉ። ጎብኚውም በአውሮፓ ሳሎኑ ሰቅሎት ‹‹ያልተነካ ባህል›› ይለዋል! ተርተን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ ርእስ ላይ እነዚህን እንግዶች ‹‹ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች›› ብሏቸዋል።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ሲዘጋጅ፣ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች የባህል ወረራ ነው ብለው ትርኢቱን በጩኸት ተቃወሙት። ስለ ባዕድ ልብስ የተናገሩት አንዳንዱ እውነት ነበረው። ግን የተሰደቡት ትርኢቱን ለማሳየትና ለማየት የመጡት ሴቶች ነበሩ፤ ኮትና ከረባት አድርጎ የሚጮኸውን ወንድ የነካው አልነበረም። የሴት ልብስ የአገር ጉዳይ፣ የወንድ ልብስ የግል ጉዳይ የሆነው በማን ፍርድ ነው?

ከመካከላችን በመምህርነት ቱም ወይም ኪቢሽ የሚደርሰው፣ በክፍሉ ሁለት ዓይነት ልጃገረድ ልታጋጥመው ትችላለች። አንደኛዋ ከንፈሯን አልበሳም ብላ ደብተር ይዛ የመጣች ናት፤ ታላላቆቿ ገና ልጅ ናት ይሏታል። ሁለተኛዋ ተበስታለች፤ ሸክላዋን አውጥታ፣ የተንጠለጠለውን ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ከኋላ ትቀመጣለች። ለመጀመሪያዋ ካሜራ የያዘ መንገደኛ አንድ ብርም አይከፍላትም።