የእግር መደንዘዝ በረጅም የብስክሌት ጉዞ

በረጅም የብስክሌት ጉዞ የሚከሰት የእግር መደንዘዝ ብስክሌተኛው ፔዳል በሚረግጥበት የእግሩ ክፍል፣ በተለይም በጣቶቹና ከጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግር ላይ፣ ስሜት የሚቀንስበት ወይም የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ መርፌ በመጠቅጠቅ ወይም በማቃጠል ይጀምራል፤ ከብስክሌት ወርደው ጥቂት ሲራመዱም ይለቃል። ዋናው መንስኤ የእግር ነርቮችና ቀጫጭን የደም ሥሮች በጫማና በፔዳል መካከል ለረጅም ሰዓት መጨቆናቸው ነው። ስለዚህ መከላከያው በአብዛኛው መድኃኒት ሳይሆን የጫማን ስፋት፣ የእግርን አቀማመጥና የመቀመጫን ከፍታ ማስተካከል ነው። ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ግን እንደ ስኳር በሽታ ያለ ሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ከዚህኛው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

መንስኤ

የሰው እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ መካከል ሜታታርሳል የሚባሉት አምስት ረጃጅም አጥንቶች ከእግሩ መካከለኛ ክፍል ተነስተው እስከ ጣቶቹ ሥር ይደርሳሉ። ለጣቶች ስሜት የሚሰጡት ነርቮች በእነዚህ አጥንቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ያልፋሉ። አጥንቶቹ ከጎን በጠባብ ጫማ፣ ከታች ደግሞ በፔዳል ሲጫኑ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ነርቩ ይጨቆናል፤ ወደ ጣቶቹ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል።

በእግር ሲሄዱ ይህ ችግር እምብዛም የማይታየው ጫናው ቦታ ስለሚለዋውጥ ነው። ተራማጅ መጀመሪያ በተረከዙ ይረግጣል፤ ክብደቱ በውስጥ እግሩ አልፎ ወደ ጣቶቹ ይሄዳል፤ ከዚያም እግሩ ከመሬት ተነስቶ ያርፋል። በብስክሌት ላይ ግን ጫናው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ያርፋል። በደቂቃ 80 ዙር የሚረግጥ ሰው በአንድ ሰዓት 4,800 ጊዜ፣ በአራት ሰዓት ደግሞ 19,200 ጊዜ ያንኑ የውስጥ እግር ክፍል ይጫናል። ለግማሽ ሰዓት ምንም የማይሰማው ሰው በሦስተኛው ሰዓት ጣቶቹ የሚደነዝዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በመነሳት መከላከያዎቹ ሁሉ በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ፦ ጫናውን በሰፊ ቦታ ላይ ማዳረስ፣ ጫናውን መቀነስ፣ እና በየጊዜው ቦታውን መለወጥ።

የደነዘዘው ቦታ የሚጠቁመው

መደንዘዙ የሚጀምርበት ቦታ መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል።

• ከጣቶች ሥር ያለው የውስጥ እግር ማቃጠልና መደንዘዝ፦ ፔዳሉ ወደ ጣቶቹ ተጠግቶ መረገጡን፣ የጫማው ሶል ቀጭን መሆኑን ወይም ማርሹ ከባድ መሆኑን ያመለክታል።

• በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚሰማ ስለታም ሕመምና መደንዘዝ፦ ጫማው ከጎን እንደሚጨምቅ ያሳያል። ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነ በዚያ ያለው ነርቭ ዙሪያ መወፈሩን ሊያመለክት ይችላል። ይህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ሁኔታው በጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም በቶማስ ሞርተን ስም የሞርተን ኒውሮማ ይባላል።

• የእግር ጀርባ መደንዘዝ፦ የጫማው ክር ወይም ማሰሪያ ከልክ በላይ መጥበቁን ያመለክታል፤ በዚህ ቦታ ነርቮቹ ከቆዳ ሥር ቅርብ ናቸው።

• የአንድ እግር ብቻ መደንዘዝ፦ ሁለት እግሮች በመጠን እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ አንዱ ጫማ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። መደንዘዙ ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ጀምሮ በጭን በኩል የሚወርድ ከሆነ ግን መንስኤው ከጫማው ይልቅ ከወገብ የሚነሳ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ጫማ

ለብስክሌት የሚሆን ጫማ ከፊት ለጣቶች ማንቀሳቀሻ የሚተርፍ ቦታ ያለው፣ ተረከዙን ግን ሳያንሸራትት የሚይዝ ነው። እግር በቀን ውስጥ እያበጠ ስለሚሄድ ጫማ መለካት ያለበት ከሰዓት በኋላ ወይም ማምሻውን፣ በጉዞ ላይ የሚደረገውን ካልሲ አድርጎ ነው። ስፋቱን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። በወረቀት ላይ ቆሞ የእግርን ዙሪያ በእርሳስ መሳል፣ ሥዕሉን ቆርጦ ማውጣትና ከጫማው ሥር ጋር ማስተያየት ነው። ወረቀቱ ከጫማው ጎን የሚተርፍ ከሆነ ጫማው እግሩን ይጨምቃል።

ሶሉ ሲታጠፍ በቀላሉ የማይተጣጠፍ መሆን አለበት። ቀጭን ሶል በፔዳሉ ላይ ስለሚታጠፍ ጫናውን በጠባብ መስመር ያሳርፋል። በሌላ በኩል ለውድድር በካርቦን የሚሠሩ እጅግ ደረቅ ሶሎች ጉልበት ባያባክኑም በልካቸው ካልተመረጡ የፊት እግርን ጫና ሊጨምሩ ይችላሉ። ለተራ ተጓዥ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሶል በቂ ነው።

ሳልባጅ ጫማ የሚገዛ ሰው የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ማየት አለበት፤ በቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጽ የተሰረጎደ ሶል ጫናውን ባልተፈለገ ቦታ ላይ ያከማቻል። ጫማ ሰፊ ዘንድ የውስጥ ሶል በአነስተኛ ዋጋ ማስቀየር ይቻላል። ወፍራም ካልሲ ወይም ሁለት ካልሲ መደረብ ምቾት የሚሰጥ ቢመስልም በልክ የነበረውን ጫማ ያጠብበዋል።

ክሩን በተመለከተ ከጣቶቹ በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በኩል ጠበቅ ማድረግ ይመከራል። የእግር ጀርባ የሚደነዝዘው ሰው ክሩ በሚያመው ቦታ ላይ እንዳይሻገር ያንን ቀዳዳ ዘልሎ ማሰር ይችላል።

ፔዳልና የእግር አቀማመጥ

የፔዳሉ መሐል መዋል ያለበት ከጣቶቹ ሥር ሳይሆን ከዚያ ትንሽ ወደ ተረከዙ ዝቅ ብሎ ነው። እግርን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት መግፋት ጫናውን ከነርቮቹ መተላለፊያ ያርቃል። በተራ ፔዳል የሚሄድ ሰው ይህን በማንኛውም ጊዜ ማድረግ ይችላል፤ በየጥቂት ደቂቃውም እግሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ጫናውን ሊያዘዋውር ይችላል። ላስቲኩ ያለቀ ወይም ብረቱ የወጣ ጠባብ ፔዳልን በሰፊ መቀየርም ብዙ ጊዜ ከጫማ ለውጥ የሚበልጥ ለውጥ ያመጣል።

ጫማው ከፔዳሉ ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ፣ ክሊት የሚባለው፣ ያለው ሰው ግን እግሩን በጉዞ ላይ ማዘዋወር አይችልም። ስለዚህ ክሊቱ ከመነሻው ወደ ተረከዙ አቅጣጫ ሳብ ተደርጎ መታሰር አለበት። ክሊቱ ወደ ኋላ ሲሄድ እግር በትንሹ ስለሚያጥር መቀመጫውንም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

መቀመጫና ማርሽ

መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ያለ ከሆነ ብስክሌተኛው ፔዳሉን ለመድረስ ጣቶቹን ወደ ታች ይዘረጋል፤ ክብደቱም ሁሉ በእግሩ ጫፍ ላይ ያርፋል። ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ጉልበት ይጎዳል። ቀላሉ መለኪያ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ወደ ታችኛው ነጥብ ማውረድና በተረከዝ መርገጥ ነው፤ እግሩ በዚህ ጊዜ ቀጥ ሊል ይገባል። ከዚያ በፊት እግር ሲረገጥ ጉልበቱ ጥቂት ይታጠፋል። ጉልበቱ በዚህ ነጥብ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ቢታጠፍ ተስማሚ እንደሆነ ይታሰባል።

ከባድ ማርሽ በዝግታ መርገጥ በእያንዳንዱ ዙር የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል። ቀለል ያለ ማርሽ መርጦ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር መርገጥ የዙሩን ቁጥር ቢያበዛም የእያንዳንዱን ጫና ይቀንሳል፤ እግሩ ወደ ላይ በሚመለስበት ጊዜም በፔዳሉ ላይ ሳይከብዱ ማሳረፍ ለደም ዝውውር ይረዳል።

ሙቀትና ዳገት

የአየር ጠባይና የመሬት አቀማመጥ በዚህ ችግር ላይ ያላቸው ድርሻ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል በግልጽ ይታያል። አዲጋላ በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ፈሳሽ ወደ እግር ይወርድና እግር ያብጣል። ጠዋት በልክ የነበረ ጫማ እኩለ ቀን ላይ ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ በቆላ የሚጓዝ ሰው ማልዶ መነሳት፣ ክሩን ከመጀመሪያው ላላ ማድረግ፣ አየር የሚያስገባ ጫማና ቀጭን ካልሲ መምረጥ ይጠቅመዋል። ሸበጥ ለሚያብጥ እግር ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሶሉ ቀጭን ስለሆነ በጠባብ ፔዳል ላይ ይታጠፋል፤ ጣቶችንም ከአደጋ አይጠብቅም። ሜዳው ሌላም ባሕርይ አለው። ዳገትም ቁልቁለትም ስለሌለው ብስክሌተኛው አቀማመጡን ሳይለውጥ ለሰዓታት ሊረግጥ ይችላል።

ጅጅጋ በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከሐረር የሚመጣው መንገድም የካራማራን ተራሮች ያቋርጣል። እዚህ ችግሩ የሚመጣው ከሙቀት ይልቅ ከዳገቱ ነው፤ ዙሩ ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ርግጫ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። በዳገት ላይ በየተወሰነ ርቀት ከመቀመጫ ተነስቶ ለጥቂት ዙር ቆሞ መርገጥ ጫናውን ያዘዋውራል። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የያዘ ሰው ደግሞ ወርዶ እየገፋ መሄዱ ድክመት አይደለም፤ እርምጃው ራሱ ለእግሩ ሕክምና ነው። በቁልቁለት ላይ ጣቶችን በጫማው ውስጥ ማንቀሳቀስ ይመከራል።

ታሪክ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ብስክሌተኞችም ተሳትፈዋል። የጎዳና ውድድሩ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ከፔዳሉ ጋር የሚያይዙት ከፊት በብረት መያዣና በቆዳ ጠፍር ነበር፤ ጠፍሩ በጠበቀ ቁጥር እግር እንዳይንሸራተት ቢረዳም የእግርን ጎንና ጀርባ ይጨምቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማያያዣ በወሰደው ሐሳብ ጠፍር የሌለው ፔዳል አቀረበ፤ በተከታዩ ዓመት በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል የፈረንሳይ ዙር ውድድርን አሸነፈ። አዲሱ ፔዳል የጠፍሩን ጭቆና አስቀረ፤ እግርን በአንድ ነጥብ ስለሚያስር ግን የክሊትን ትክክለኛ ቦታ ማግኘት አስፈላጊ ሆነ። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳይ ዙር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ያ ውድድር በ21 ቀን ጉዞ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ነበር።

በጉዞ ላይ ሲደነዝዝ

መደንዘዙ እስኪጠፋ ጠብቆ መቀጠል አይመከርም። መጠቅጠቁ እንደ ጀመረ ክሩን ማላላት፣ እግርን በፔዳሉ ላይ ወደ ፊት መግፋትና ማርሽ ማቅለል ይገባል። ካልለቀቀ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ጫማ አውልቆ ለጥቂት ደቂቃ መራመድና ጣቶችን ማጠፍና መዘርጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መደንዘዝ የሚደጋገምበት ሰው ሳይደነዝዘው በፊት በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ መውረድን ልማድ ቢያደርግ ይሻላል። ለውጥ ሲደረግም አንድ በአንድ መሆን አለበት፤ ጫማ፣ ክሊትና መቀመጫ በአንድ ቀን ከተለወጡ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ

ከጫማና ከፔዳል የሚመጣ መደንዘዝ ከጉዞ ጋር ይመጣል፤ ከጉዞ ጋር ይሄዳል። የሚከተሉት ግን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

• ሌሊት በአልጋ ላይ ወይም በዕረፍት ቀን የሚሰማ፣ ሁለቱንም እግሮች ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚይዝ መደንዘዝ። የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ለረጅም ጊዜ አልኮል ማብዛት ነርቭን በዚህ መልክ ይጎዳሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒትም እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለሐኪም መንገር ይገባል፤ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይሰጣል።

• ስሜት የጠፋበትና ቀለሙ የተለወጠ የቆዳ ምልክት። ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በመድኃኒት የሚድን ሲሆን ቶሎ ከተጀመረ አካል ጉዳትን ይከላከላል።

• የእግር መዛል፣ ሲራመዱ የእግር ጫፍ መጎተት፣ ወይም ሽንትና ሰገራን ለመቆጣጠር መቸገር። የመጨረሻው አስቸኳይ ነው።

• የአንድ ባት ማበጥና ማመም፣ ወይም የእግር መቀዝቀዝና መገርጣት። ይህም በአስቸኳይ መታየት አለበት።

የስኳር ሕመምተኛ በብስክሌት መጓዙ ለጤናው ይጠቅማል። ነገር ግን እግሩ ከደነዘዘ ጠጠርም ሆነ የጫማ ስፌት ሲያቆስለው ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ጫማውን ውስጡን በእጁ መዳሰስ፣ ከተመለሰ በኋላም ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መካከል በዓይኑ ማየት ይኖርበታል። ሕመም የማይሰማው እግር ጤነኛ እግር ነው ማለት አይደለም።